የአንጎል ጉዳትና የእንስሳት ትውስታ፦ የጥናት ዘገባን ደረጃ በደረጃ የማንበቢያ መመሪያ

«ሂፖካምፐሱ የተጎዳ አይጥ መንገዱን መማር አቃተው፤ ስለዚህ የመንገድ ትውስታ የሚቀመጠው ሂፖካምፐስ ውስጥ ነው።» ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር በመማሪያ መጻሕፍትም ሆነ በዜና ዘገባዎች ውስጥ በተደጋጋሚ ይገኛል (ሂፖካምፐስ በአንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኝ ክፍል ነው)። የመጀመሪያው ግማሽ በዓይን የታየ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ገና ብዙ ማስረጃ የሚጠይቅ ፍርድ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከታየው ነገር ተነሥቶ ወደ ፍርዱ የሚያደርሰውን መንገድ በጥንቃቄ መከተል ለሚፈልግ ተማሪ፣ መምህር ወይም የሳይንስ ጸሐፊ ነው። ስለ ቀዶ ጥገናው አሠራር አይናገርም፤ ያ ፈቃድ ባለው ቤተ ሙከራ፣ በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚከናወን ሥራ ነውና።

ለንባቡ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የጥናቱ ሙሉ ጽሑፍ (በመግቢያው ላይ የሚሰፍረው አጭር መግለጫ ብቻውን አይበቃም)፣ ባዶ ወረቀት፣ እርሳስ፣ እንዲሁም የማይቋረጥ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ጊዜ። ከመጀመርዎ በፊት በወረቀቱ አናት ላይ አንድ ሐሳብ ይጻፉ፤ ጉዳት የሚያሳየን ትውስታ የት እንደተቀመጠ ሳይሆን፣ የቀረው አንጎል ያ ክፍል ሲጎድልበት ምን መሥራት እንደሚያቅተው ነው። ድልድይ ሲፈርስ መንገደኛ ወደ ማዶው መንደር መድረስ ያቅተዋል፤ መንደሩ ድልድዩ ላይ ነበር የሚል ግን የለም።

ደረጃ 1፦ ጥናቱ የጠየቀውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ዓረፍተ ነገሩ አራት ነገሮችን መያዝ አለበት፤ እንስሳው ምንድን ነው፣ የተጎዳው የትኛው የአንጎል ክፍል ነው፣ ጉዳቱ የደረሰው ከትምህርቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ እንስሳው እንዲያስታውስ የተጠየቀውስ ምንድን ነው። «ትውስታ» የሚለውን ቃል ብቻውን አይጻፉ። የዕቃን መልክ ለይቶ ማወቅ፣ ቦታን ማስታወስ፣ አደጋን የሚያመለክት ድምፅ መማር፣ አንድን የአካል እንቅስቃሴ መልመድ፣ ለጥቂት ሰከንዶች አንድን ነገር በሐሳብ ይዞ መቆየት፣ እነዚህ ሁሉ በዕለት ተዕለት አነጋገር «ማስታወስ» ይባላሉ፤ በአንጎል ውስጥ ግን የተለያየ መንገድ ይከተላሉ።

ይህን አለመለየት የሚያስከትለውን ችግር የሥነ ልቦና ተመራማሪው የካርል ላሽሊ ሥራ ያሳያል። ላሽሊ አይጦችን በተጠላለፈ መንገድ ውስጥ ምግብ ፈልገው እንዲያገኙ ያሠለጥንና የአንጎላቸውን ቅርፊት በተለያየ ቦታና በተለያየ መጠን ይጎዳ ነበር። በ1929 ባሳተመው ሥራ ላይ የደረሰበት ድምዳሜ፣ የስሕተቱ ብዛት የሚወሰነው ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ሳይሆን በጉዳቱ ስፋት ነው የሚል ነበር። በ1950 ያለፉትን ዓመታት ሥራውን ሲገመግምም፣ የትውስታን አሻራ በአንድ ቦታ ማግኘት እንዳልቻለ ጽፏል። ምልከታው ትክክል ነበር። ችግሩ የነበረው በፈተናው ላይ ነው፤ አይጥ የተጠላለፈ መንገድን በዓይኑም፣ በአፍንጫውም፣ በጢሙ ዳሰሳም፣ በእግሩ ልምድም ሊወጣው ስለሚችል፣ አንዱ መንገድ ሲዘጋበት በሌላው ይሄዳል። ጥያቄው ሰፊ ስለነበረ መልሱም ሰፊ ሆነ። ላሽሊ ሂፖካምፐስን የመሰሉ ከቅርፊቱ ሥር ያሉትን ክፍሎች ለይቶ አለመፈተኑም መዘንጋት የለበትም።

ደረጃ 2፦ ጉዳቱ በምን ዘዴ እንደደረሰ ያጣሩ

ብዙ አንባቢ የሚዘልለው ይህን ክፍል ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም ደረጃዎች ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። በጽሑፉ የአሠራር ክፍል ውስጥ ከሚከተሉት ዘዴዎች የትኛው እንደተጠቀሰ ፈልገው ወረቀትዎ ላይ ያስፍሩ።

የመጀመሪያው ሕብረ ሕዋሱን በቀጭን ቱቦ መጥጦ ማውጣት ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ለመድረስ በላዩ ያለውን ማለፍ ግድ ስለሆነ፣ የታለመው ክፍል ብቻውን አይጎዳም። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ወይም በከፍተኛ ሙቀት ማቃጠል ነው። ይህ በትንሽ ቦታ ሊወሰን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ቦታ ያሉትን የነርቭ ሴሎች ብቻ ሳይሆን፣ ከሌላ ቦታ ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ የሚያልፉትን የነርቭ ክሮች ጭምር ይቆርጣል። ሦስተኛው ኢቦቴኒክ አሲድን ወይም ኤንኤምዲኤን የመሰለ ኬሚካል በመርፌ ማስገባት ነው፤ ኬሚካሉ የሴሎቹን አካል ከመጠን በላይ አነቃቅቶ ሲገድል፣ የሚያልፉትን ክሮች ግን በአብዛኛው ይተዋቸዋል። አራተኛው ጊዜያዊ ነው፤ ሊዶካይን ወይም ሙሲሞል የተባለ መድኃኒት ክፍሉን ለተወሰነ ሰዓት ጸጥ ያሰኘዋል፣ ከዚያም ሥራው ይመለሳል። በቅርብ ዓመታት በብርሃን ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ኬሚካል የተመረጡ ሴሎችን ብቻ ማስቆምም ተችሏል።

ዘዴው ድምዳሜን ሊገለብጥ እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ፤ ረዘም አድርጎ መተረኩ ተገቢ ነው። በ1953 ዊልያም ስኮቪል የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ሄንሪ ሞላይሰን ለተባለ የሚጥል በሽታ ታማሚ የቴምፖራል ሎቡን (በጆሮ አቅጣጫ ያለውን የአንጎል ክፍል) ውስጠኛ ክፍል ከግራና ከቀኝ አወጣለት። ሕመሙ ቀለለ፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ የሚያጋጥሙትን አዳዲስ ነገሮች ማስታወስ አቃተው። ስኮቪልና ብሬንዳ ሚልነር በ1957 ይህንን ካሳተሙ በኋላ፣ ከወጡት ክፍሎች መካከል ጥፋቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ለመለየት በዝንጀሮዎች ላይ ብዙ ምርምር ተጀመረ።

በ1978 ሞርቲመር ሚሽኪን አንድ መልስ አቀረበ። ፈተናው እንዲህ ነበር፦ ዝንጀሮው አንድ ዕቃ ያያል፣ ሲያነሣው ከሥሩ ምግብ ያገኛል፤ ጥቂት ከቆየ በኋላ ያው ዕቃና አንድ አዲስ ዕቃ ይቀርቡለታል፣ በዚህ ጊዜ ምግቡ ያለው በአዲሱ ሥር ነው። ስለዚህ ዝንጀሮው ምግቡን የሚያገኘው ያየውን ዕቃ ካስታወሰ ብቻ ነው። ሂፖካምፐሳቸው ብቻ ወይም አሚግዳላቸው (ከሂፖካምፐስ አጠገብ ያለው ትንሽ ክፍል) ብቻ የወጣባቸው ዝንጀሮዎች ጉዳታቸው ቀላል ነበር፤ ሁለቱም የወጡባቸው ግን ክፉኛ ወደቁ። ዕቃን ለማስታወስ ሁለቱም ክፍሎች በጋራ ያስፈልጋሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሸፍናል ተባለ።

ይሁን እንጂ ክፍሎቹ የወጡት በመምጠጥ ነበር። ወደ አሚግዳላና ወደ ሂፖካምፐስ ለመድረስ ከሥራቸው የተዘረጋው የአንጎል ቅርፊት፣ በተለይም ፔሪራይናል ኮርቴክስ የሚባለው ክፍል፣ አብሮ ይነካ ነበር። በ1989 ዞላ ሞርጋን፣ ስኳየርና አማራል በዙሪያው ያለው ቅርፊት ሳይነካ አሚግዳላ ብቻ እንዲጎዳ አደረጉ፤ የዝንጀሮዎቹ የማስታወስ ችሎታ አልተነካም፣ በሂፖካምፐስ ጉዳት ላይ ሲታከልም ጉዳቱን አላባባሰም። በዚያው ሰሞንና ከዚያ በኋላ በተከታታይ በወጡ ጥናቶች ደግሞ የፔሪራይናል ኮርቴክስና የአካባቢው ቅርፊት ጉዳት ብቻውን ዝንጀሮዎቹን በዚህ ፈተና ክፉኛ ጣላቸው። በመጨረሻም በ1998 ኤልሳቤጥ መሪ እና ራሱ ሚሽኪን ሂፖካምፐስንና አሚግዳላን በኬሚካል፣ የሚያልፉትን ክሮችና ቅርፊቱን ሳይነኩ፣ በአንድነት ጎዱ፤ ዝንጀሮዎቹም ያንን ፈተና እንደ ጤነኞቹ አለፉ። የሃያ ዓመት ድምዳሜ የተገለበጠው ፈተናው ተለውጦ ሳይሆን የጉዳቱ ዘዴ ስለተጣራ ነው። ቀድሞ የደረሰበትን ድምዳሜ ሲያፈርስ ስሙን ከጽሑፉ ላይ ለማስፈር ያላመነታ ተመራማሪ መገኘቱም የሚያስመሰግን ነው።

ስለዚህ ዘዴው መምጠጥ ወይም ማቃጠል ከሆነ፣ ወረቀትዎ ላይ ከክፍሉ ስም ቀጥሎ «እና በአጠገቡ ያለው፣ በውስጡም የሚያልፈው» የሚል ቃል ይጨምሩ። ይህ ትንሽ ጭማሪ ከብዙ ስሕተት ያድናል።

ደረጃ 3፦ የአንጎሉን ሥዕል በዓይንዎ ይመልከቱ

ጥሩ ጥናት ሙከራው ካለቀ በኋላ የእንስሶቹን አንጎል በስስ ስሱ ከትፎ፣ በቀለም ነክሮ፣ ጉዳቱ ከየት እስከ የት እንደደረሰ ያሳያል። ብዙውን ጊዜ ትንሹና ትልቁ ጉዳት ጎን ለጎን ይሣላሉ። ሥዕሉን ሲያዩ ጉዳቱ በግራም በቀኝም ነው ወይ? ምን ያህሉ ክፍል ተርፏል? ከታለመው ውጭ የተነካ አለ ወይ? ብለው ይጠይቁ። የተረፈው መጠን ቀላል ነገር አይደለም። የሞዘር ባልና ሚስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1995 እንዳሳዩት፣ በአይጥ ውስጥ ከጠቅላላው ሂፖካምፐስ ሩብ ያህሉ ብቻ ቢተርፍ እንኳ፣ የተረፈው በላይኛው ጫፍ በኩል ከሆነ አይጡ ቦታን መማር ይችላል፤ ከታችኛው ጫፍ የተረፈው ግን ያን ያህል አይረዳም። ስለዚህ «ሂፖካምፐስ ተጎድቶ ምንም ለውጥ አልታየም» የሚል ዘገባ ካጋጠመዎት፣ ከመገረምዎ በፊት ወደ ሥዕሉ ይመለሱ። ሥዕሉ ጭራሽ ከሌለ ዘገባውን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ማነጻጸሪያ ቡድኑን ይፈልጉ

የተጎዳው እንስሳ መነጻጸር ያለበት ፈጽሞ ካልተነካ እንስሳ ጋር ብቻ አይደለም። ማደንዘዣው፣ የራስ ቅሉ መከፈት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለው ሕመምና ድካም ሁሉ በራሳቸው ባሕርይን ይለውጣሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ብቻ ቀርቶ ሌላው ሁሉ የተደረገለት፣ የማስመሰያ ቀዶ ጥገና ያለፈ ቡድን መኖር አለበት። ከዚያም የሚሻለው በሌላ የአንጎል ክፍል ተመጣጣኝ ጉዳት የደረሰበት ሦስተኛ ቡድን ነው፤ ለምን እንደሚሻል በደረጃ 6 ግልጽ ይሆናል።

እዚህ ላይ የእንስሶቹን ቁጥርም ይመዝግቡ። ራስልና በርች በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስት መርሆዎች፣ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩን ማቃለል፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የፈቃድ ሥርዓት መሠረት ሆነዋል። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ብቻውን ነቀፋ አይደለም፤ በተለይ በዝንጀሮ ጥናት በአንድ ቡድን ሦስት ወይም አራት እንስሶች መኖራቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ቡድኑ ትንሽ ሲሆን የእያንዳንዱ እንስሳ ውጤት ለየብቻ መታየት አለበት፤ አማካዩ ብቻ ሲቀርብ አንድ ያልተለመደ እንስሳ ሁሉንም ሊያስት ይችላል።

ደረጃ 5፦ ፈተናውን ያለ ትውስታ ማለፍ፣ ወይም በሌላ ምክንያት መውደቅ ይቻል እንደሆነ ይመርምሩ

ራስዎን በእንስሳው ቦታ ያስቀምጡና ፈተናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሐሳብዎ ይሥሩት። ሪቻርድ ሞሪስ ያዘጋጀውን የውኃ ገንዳ እንውሰድ። አይጡ ወተት ተጨምሮበት በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ይለቀቃል፤ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ የማይታይ መቆሚያ አለ፤ አይጡ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ያሉትን ምልክቶች እያየ መቆሚያው ያለበትን ቦታ ይማራል። በ1982 ሞሪስና ባልደረቦቹ ሂፖካምፐሳቸው የተጎዳ አይጦች ይህን ቦታ መማር እንደሚያቅታቸው አሳዩ።

ተጠራጣሪ አንባቢ ወዲያው የሚጠይቀው አለ። አይጦቹ መዋኘት አቅቷቸው ይሆን? ማየት ተስኗቸው ይሆን? ከውኃው ለመውጣት መፈለጋቸው ቀርቶ ይሆን? መቆሚያው ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ሲታይ እነዚያው አይጦች በቀጥታ ዋኝተው ይወጡበት ነበር፤ ስለዚህ ሦስቱም ጥርጣሬዎች ወደቁ። ሌላው ማረጋገጫ መቆሚያውን ከገንዳው አውጥቶ አይጡ የት እንደሚፈልገው ማየት ነው፤ ቦታውን የሚያውቅ አይጥ መቆሚያው በነበረበት አካባቢ ደጋግሞ ይዞራል። እርስዎ በሚያነቡት ጥናት ውስጥ የእነዚህን ዓይነት ማረጋገጫዎች ያስሱ፤ ካገኙ ያስምሩባቸው፣ ካላገኙ የጎደለውን ይጻፉ።

የዚህ ደረጃ ስውር ወጥመድ አንድ ፈተና በሁለት መንገድ መፈታት መቻሉ ነው። በ1990 አይከንባውምና ባልደረቦቹ ከሂፖካምፐስ ጋር የሚያገናኘው ፎርኒክስ የተባለው የነርቭ ክሮች ጥቅል የተጎዳባቸውን አይጦች በዚያው ገንዳ ፈተኑ። አይጦቹ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ሲለቀቁ መቆሚያውን መማር ቻሉ፤ መነሻው በየጊዜው ሲለዋወጥ ግን አልቻሉም። ከአንድ መነሻ የሚሄድ አይጥ «በዚህ በኩል ዋኝ» የሚል ልምድ ይበቃዋል፤ ከየትም የሚነሣ አይጥ ግን በቦታዎች መካከል ያለውን ዝምድና ማወቅ አለበት። ገንዳው አንድ፣ ውኃው አንድ፣ ጉዳቱ አንድ፤ ውጤቱ ግን ሁለት ሆነ።

ስለ ቅድመ ግንባር ኮርቴክስ የሚነገረውም እንዲሁ ነው። በ1930ዎቹ ካርላይል ጃኮብሰን የግንባራቸው ሎብ የተጎዳ ዝንጀሮዎች ምግብ በየትኛው ጽዋ ሥር እንደተደበቀ ካዩ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መምረጥ እንደሚያቅታቸው አሳየ፤ የአጭር ጊዜ ትውስታ ጠፋ ተባለ። በ1942 ግን ማልሞ በመጠበቂያው ጊዜ መብራቱን አጠፋና ዝንጀሮዎቹን ድጋሚ ፈተነ፤ ውጤታቸው ተሻሻለ። ዝንጀሮው ያየውን ጭራሽ ረስቶት ቢሆን ኖሮ ጨለማው ምንም አይረዳውም ነበር፤ ያስቸገረው በመካከል ትኩረቱን የሚሰርቀው ነገር ነው።

ደረጃ 6፦ ያልተበላሸውን ይፈልጉ

እስካሁን የወደቀውን ፈተና ስንመረምር ቆየን፤ አሁን እንስሳው ያለፈውን ፈተና እንፈልግ። አንድ ክፍል ተጎድቶ አንድ ፈተና ቢወድቅ፣ ምናልባት ፈተናው ከባድ ስለሆነ ማንኛውም ጉዳት ይጥለው ይሆናል። ክፍል «ሀ» ሲጎዳ አንደኛው ፈተና ብቻ ወድቆ፣ ክፍል «ለ» ሲጎዳ ሁለተኛው ብቻ ከወደቀ ግን፣ የፈተናው ክብደት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይህንን ሃንስ ሉካስ ቶይበር በ1955 «ድርብ መለያየት» የሚል ትርጉም ባለው ስም የጠራው ሲሆን፣ በጉዳት ጥናት ውስጥ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ነው።

በወረቀትዎ ላይ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ በጎን የተጎዱትን ክፍሎች፣ በላይ ፈተናዎቹን ጽፈው ውጤቱን በመስቀለኛው ያስፍሩ። የማክዶናልድና የዋይት የ1993 ጥናት ለመለማመጃ እጅግ ይመቻል፤ ሁለት ሳይሆን ሦስት ክፍሎችንና ሦስት ፈተናዎችን ይዟልና። መሣሪያው ከመሃሉ ስምንት ክንዶች የሚወጡለት መንገድ ነው። አይጡ ቀድሞ የገባበትን ክንድ ትቶ ወዳልገባበት መሄድ ሲጠበቅበት፣ የሂፖካምፐስ ሥርዓት ጉዳት ብቻ ጣለው። አንዱን ክንድ ከምግብ ጋር አያይዞ መውደድ ሲጠበቅበት የአሚግዳላ ጉዳት ብቻ ጣለው። መብራት ወደበራበት ክንድ ሁሉ መግባትን ሲለማመድ ደግሞ የላይኛው ስትራያተም (ከአንጎል ቅርፊት ሥር ያለ ክፍል) ጉዳት ብቻ ጣለው። ሠንጠረዡን ሲሞሉ ከጥግ ወደ ጥግ በተዘረጋው መስመር ላይ ብቻ ውድቀት፣ በቀሩት ስድስት ቦታዎች ሁሉ ስኬት ያያሉ። ይህን ያህል የጠራ ሠንጠረዥ በዚህ ዘርፍ ብዙ አይገኝም።

በከፊል ብቻ የተሟላ ሠንጠረዥም ትምህርት አለው። በ1992 ፊሊፕስና ለዱ እንዳሳዩት፣ አይጥ ድምፅ ሰምቶ ኤሌክትሪክ ሲነዝረው ድምፁንም ክፍሉንም መፍራት ይማራል፤ አሚግዳላው ሲጎዳ ሁለቱም ፍርሃቶች ይጠፋሉ፣ ሂፖካምፐሱ ሲጎዳ ግን የክፍሉ ብቻ ይጠፋል። ከዚህ የምንረዳው አሚግዳላ ለሁለቱም እንደሚያስፈልግ፣ ሂፖካምፐስ ደግሞ አካባቢውን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ለማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

የሴሬቤለም (ከኋላ በኩል የሚገኘው ትንሹ አንጎል) ነገርም እዚሁ ይገባል። ጥንቸል ድምፅ ከተሰማ በኋላ ዓይኗ ላይ አየር ሲነፋባት፣ ውሎ አድሮ ድምፁን ብቻ ሰምታ ትጨፍናለች። ማኮርሚክና ቶምሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዳገኙት፣ በሴሬቤለም ውስጥ ያለ ኢንተርፖዚተስ የሚባል ትንሽ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ሲጎዳ ይህ የተማረችው ጭፈና ይጠፋል፤ አየሩ ራሱ ሲነፋ ግን እንደ ቀድሞው ትጨፍናለች። ጡንቻው ያው፣ የዐይን ሽፋኑ ያው ሆኖ የጠፋው የተማረችው ምላሽ ብቻ ስለሆነ፣ ውድቀቱን በጡንቻ ድካም ማሳበብ አይቻልም።

ደረጃ 7፦ የጊዜ መስመር ይሣሉ

በአግድም አንድ መስመር ያስምሩና ትምህርቱን፣ ጉዳቱንና ፈተናውን በየቦታቸው ምልክት ያድርጉ። ጉዳቱ ከትምህርቱ ቀድሞ ከሆነ፣ ውድቀቱ የመማር፣ የማቆየት ወይም የማውጣት (የተማሩትን መልሶ የማስታወስ) ችግር ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱን መለየት አይቻልም። ጉዳቱ ከትምህርቱ በኋላ ከሆነ መማሩ ከጥርጣሬ ይወጣል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ራሱን የቻለ ጥያቄ ይሆናል።

ኪምና ፋንስሎ በ1992 አይጦችን አንድን ክፍል እንዲፈሩ ካስተማሩ ከ1፣ ከ7፣ ከ14 ወይም ከ28 ቀናት በኋላ ሂፖካምፐሳቸውን ጎዱ። በማግስቱ የተጎዱት ፍርሃቱን አጡ፤ ከ28 ቀናት በኋላ የተጎዱት ግን አብዛኛውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዞላ ሞርጋንና ስኳየር ዝንጀሮዎችን ከቀዶ ጥገናው 16፣ 12፣ 8፣ 4 እና 2 ሳምንታት በፊት ጥንድ ጥንድ ዕቃዎችን አስተምረው ነበር፤ የተጎዱት ዝንጀሮዎች የቅርቡን ረስተው የሩቁን አስታወሱ። ጤነኛ እንስሳ ግን የቅርቡን ይበልጥ ያስታውሳል። ከዚህ በመነሣት ትውስታ መጀመሪያ በሂፖካምፐስ ላይ ይደገፋል፣ ቀስ በቀስ ግን ወደ ቅርፊቱ ይሸጋገራል የሚለው ሐሳብ ተጠናከረ።

ነገሩ ግን ገና አልተዘጋም። በኋላ የወጡ አንዳንድ ጥናቶች፣ በተለይም ጉዳቱ ሰፊ ሲሆን፣ የሩቁም የቅርቡም ትውስታ እኩል እንደሚጠፋ አግኝተዋል። ስለዚህ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «የቆየ ትውስታ ሂፖካምፐስን አይፈልግም» የሚል ቁርጥ ያለ ቃል ካዩ፣ የጉዳቱን ስፋት (ደረጃ 3) ተመልሰው ይመልከቱ።

ደረጃ 8፦ የቀረው አንጎል ራሱን አስተካክሎ እንደሆነ ይጠይቁ

በቀዶ ጥገናውና በፈተናው መካከል ብዙውን ጊዜ ቀናት ወይም ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ በኩል ያልተጎዱ ነገር ግን ከተጎዳው ጋር የተሳሰሩ ክፍሎች ለጊዜው ሊደነዝዙ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል ሌሎች ክፍሎች የጎደለውን ሥራ ሊወርሱ ይችላሉ። የመጀመሪያው ጉዳቱን ከመጠን በላይ ያጎላዋል፣ ሁለተኛው ይሸፍነዋል። በ2011 ጎሸንና ባልደረቦቿ በብርሃን የሂፖካምፐስን ሴሎች በፈተናው ሰዓት ብቻ ሲያስቆሙ ሳምንታት ያለፉት የፍርሃት ትውስታ ጭምር ታወከ፤ ማስቆሙን ከፈተናው ቀድመው ጀምረው ሲያራዝሙት ግን እንስሶቹ አስታወሱ። ለማስተካከል ደቂቃዎች በቂ ነበሩ ማለት ነው።

ጊዜያዊ ማስቆም ምን ያህል እንደሚገልጥ ለማየት የፓካርድና የማክጎን የ1996 ጥናት ያንብቡ። አይጦቹ በመስቀል ቅርጽ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከአንድ ክንድ ተነሥተው ምግብ ወዳለበት ክንድ መሄድን ተማሩ። በ8ኛው ቀን መነሻቸው ወደ ተቃራኒው ክንድ ተዛወረ፤ አብዛኞቹ ምግቡ ወደነበረበት ቦታ ሄዱ፤ ሂፖካምፐሳቸው በሊዶካይን ጸጥ ያለባቸው ግን ምርጫ አልነበራቸውም። ሥልጠናው ቀጥሎ በ16ኛው ቀን ሲፈተኑ፣ አይጦቹ ቦታውን ትተው የለመዱትን መታጠፍ ደገሙ። አሁን ኮዴት ኒውክሊየስ የተባለው የስትራያተም ክፍል ጸጥ ሲል ደግሞ ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሱ። የቦታው ትውስታ አልጠፋም ነበር፤ ልማዱ ከላዩ ተነጥፎበት ተሸፍኖ ነው። በዘላቂ ጉዳት ብቻ ይህ ፈጽሞ ባልታየም ነበር።

ደረጃ 9፦ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ሲሻገሩ ስሙን ሳይሆን ሥራውን ያነጻጽሩ

ኦክቶፐስ ሂፖካምፐስ የለውም፤ ሆኖም ቦይኮትና ያንግ በ1950ዎቹ በኔፕልስ የባሕር ምርምር ጣቢያ በአንጎሉ አናት ያለውን ቨርቲካል ሎብ ሲያወጡበት፣ ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር የሚቀርብለትን ሸርጣን መተው መማር ተሳነው። የፍራፍሬ ዝንብ በራሷ ውስጥ የእንጉዳይ ቅርጽ ያላቸው ክፍሎች አሏት፤ ደ ቤልና ሃይዘንበርግ በ1994 እነዚህ ክፍሎች እንዳያድጉ በኬሚካል ሲከለክሉ፣ ዝንቦቹ ሽታውንም ንዝረቱንም እየለዩ ሁለቱን ማያያዝ ግን አልቻሉም። በወርቃማ ዓሣ ደግሞ የፊት አንጎሉ የጎን ክፍል ሲጎዳ የቦታ ትምህርት፣ የመሃል ክፍሉ ሲጎዳ አደጋን የመሸሽ ትምህርት ይበላሻል። የዓሣው አንጎል ከእኛ እጅግ ቢለይም፣ ሠንጠረዡ ሲሞላ በደረጃ 6 ያየነውን የሂፖካምፐስና የአሚግዳላ ልዩነት ይመስላል። የመነሻ ዝምድና አለ ማለት የሚቻለው ግን የአካል አቀማመጡና የፅንስ እድገቱ ጭምር ሲመሰክሩ ነው።

ደረጃ 10፦ ድምዳሜውን በራስዎ ቃል እንደገና ይጻፉ

አሁን በደረጃ 1 ወደጻፉት ዓረፍተ ነገር ይመለሱና ያገኙትን ሁሉ አስገብተው ያስተካክሉት። «የትውስታ ማዕከል»፣ «ተጠያቂ የሆነው ክፍል» የሚሉትን አገላለጾች ይሰርዙ። በምትካቸው «ያስፈልጋል» ወይም «አያስፈልግም» የሚሉትን ግሦች ይጠቀሙ፤ ለምን እንደሚያስፈልግም ወዲያው ያክሉ። የጉዳቱን ዘዴ፣ የተረፈውን ችሎታና የጊዜውን ርቀት ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ቢረዝምም ግድ የለም።

ለምሳሌ ምግቧን በብዙ ቦታ ደብቃ በኋላ የምትፈልግ፣ ጥቁር አናት ያላት ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። ሼሪና ቫካሪኖ በ1989 ያደረጉትን ጥናት «የወፍ ትውስታ ሂፖካምፐስ ውስጥ ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። በዚህ መመሪያ መሠረት የሚጻፈው ግን እንዲህ ነው፦ «ሂፖካምፐሳቸው በመምጠጥ የወጣባቸው ቺካዲዎች ምግብ መደበቃቸውንና መፈለጋቸውን ሳያቋርጡ፣ የደበቁበትን ቦታ ለይተው ማግኘት ግን በዕድል ከሚገኘው የማይሻል ሆነባቸው፤ ስለዚህ ይህ ክፍል፣ ምናልባትም በአጠገቡ ያለው ጭምር፣ ለመደበቅ ፍላጎትም ሆነ ለፍለጋው እንቅስቃሴ ሳይሆን የተደበቀበትን ቦታ ለማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ የጣለው መማሩን ይሁን፣ ማቆየቱን ይሁን ወይም ማውጣቱን፣ ይህ ጥናት ለብቻው አይለይም።»